ግድግዳው ምን ይሁን? ጭቃ፣ ድንጋይ ወይስ ብሎኬት

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከከሚሴ አንድ ወንድም ደወለልን። እህቱ ጅዳ ውስጥ በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለእናታቸው ቤት ልካለች። የእናትየው የጭቃ ቤት አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ከሥሩም ምስጥ ገብቶበታል። ግንበኛው «ይፍረስና በብሎኬት እንሥራው፣ ዘመናዊ ይሁን» ይላል። እናትየው ደግሞ «ይህ ቤት ቀን አያቃጥለኝ፣ ሌሊት አያበርደኝ፤ ለምን ታፈርሱብኛላችሁ?» ይላሉ። ወንድማችን የጠየቀን አጭር ነገር ነው፦ «ገንዘቡ የእህቴ ላብ ነው፣ አማና አለብኝ። ቤቱ ደግሞ የእናቴ ነው። የቱ ይሻላል?»

እኛ መሐንዲሶች አይደለንም። ነገር ግን ይህ በየቤቱ ያለ ጥያቄ ነው። ዐረብ ሀገር ያሉ እህቶችና ወንድሞች የሚልኩት ገንዘብ፣ በዕቁብና በብድር የሚጠራቀመው ጥሪት፣ አብዛኛው መጨረሻው ግድግዳ ነው። ግድግዳውን ስንመርጥ ግን ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ብቻ እናያለን፦ የዛሬውን ዋጋና የጎረቤትን ቤት። በዚህ ጽሑፍ ከዚያ ያለፈ መመዘኛ ለማቅረብ እንሞክራለን። ከመነሻው አንድ ነገር እንበል፦ በስሙ ብቻ «ጥሩ» ወይም «መጥፎ» የሚባል የግድግዳ ዕቃ የለም። ጥሩነቱ የሚታወቀው በሚቆምበት ቦታ፣ በሚኖረው ዕድሜ፣ ከመሠረቱና ከጣሪያው ጋር አብሮ ሲታይ ነው።

«ዘላቂ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ዘላቂ ግድግዳ ሲባል ብዙ ዓመት የማይፈርስ ማለት ብቻ ይመስለናል። ባለሙያዎቹ ግን ከዚያ ሰፋ አድርገው ያዩታል። ዕቃው ከመሬት ከሚወጣበት ቀን ጀምሮ ቤቱ ፈርሶ ዕቃው ወደ መሬት እስከሚመለስበት ቀን ድረስ ያለውን ሁሉ ይቆጥራሉ፦ ለመሥራት የሚፈጀውን እሳትና ውኃ፣ ለማጓጓዝ የሚወጣውን ነዳጅ፣ ሰው በሚኖርበት ጊዜ የሚጠይቀውን ጥገና፣ ሙቀትና ብርድ የሚከላከልበትን አቅም፣ መጨረሻ ላይም የሚተወውን ፍርስራሽ።

ይህ አቆጣጠር ለሙስሊም አንባቢ እንግዳ አይደለም። በሱረቱ አን-ነሕል አላህ (ሱ.ወ.) ቤቶቻችንን የዕረፍት ስፍራ አድርጎ መስጠቱን ከጸጋዎቹ አንዱ አድርጎ ይነግረናል። እንግዲያው የቤት የመጀመሪያ ሥራው ማሳረፍ ነው፤ ቀን የሚያቃጥል፣ ሌሊት የሚያንዘፈዝፍ ግድግዳ የቱንም ያህል ቢያምር ዋናውን ሥራ አልሠራም። ሁለተኛው መመዘኛ ኢስራፍ ነው፦ የማያስፈልገውን ማብዛት፣ የሚያገለግለውን አፍርሶ መጣል። ሦስተኛው ጉዳት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሌላውን መጉዳትም ሆነ ጉዳትን በጉዳት መመለስ እንደማይፈቀድ አስተምረዋል። የድንጋይ ማውጫ ጉድጓዱ የጎረቤትን ማሳ የሚበላ ከሆነ፣ የጡብ ምድጃው የመንደሩን ዛፍ የሚጨርስ ከሆነ የቤታችን ዋጋ እኛ ከከፈልነው በላይ ነው፤ ልዩነቱን ሌላ ሰው እየከፈለልን ነው።

የዕቃው ዓይነት በራሱ ክብርም ውርደትም እንደሌለው ከመዲናው መስጂድ ታሪክ እንማራለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሂጅራ ባደረጉበት ዓመት የተሠራው መስጂድ ግድግዳው ካልተተኮሰ የጭቃ ጡብ፣ ምሰሶው ከተምር ግንድ፣ ጣሪያው ከተምር ዝንጣፊ ነበር። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ሲያሰፉት በዚያው ዓይነት ዕቃ ሠሩት። ዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) ደግሞ ሰው ሲበዛ በተጠረበ ድንጋይ አስገነቡት። ሁለቱም የየጊዜያቸውን አስፈላጊነት አይተው ነው። ጭቃ የድህነት ምልክት፣ ሲሚንቶ የሥልጣኔ ምልክት ነው የሚለው አስተሳሰብ ከየት እንደመጣ መጠየቅ ያለብን እኛ ነን።

ለማንኛውም ግድግዳ የሚቀርቡ አምስት ጥያቄዎች

አንደኛው፦ ከየት መጣ? ሲሚንቶ የሚሠራው የኖራ ድንጋይና ሸክላነት ያለው አፈር ተፈጭቶ 1,450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ ምድጃ ውስጥ ሲጋገር ነው። ምድጃውን ለማጋል ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል። ከዚያም በላይ የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ እንዲያውም ከፋብሪካው ከሚወጣው ካርቦን ከግማሽ የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ የሚወጣ ነው። በዚህ ምክንያት በዓለም ላይ ሰዎች ከሚለቁት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ከሲሚንቶ ምርት ይመጣል። የሸክላ ጡብም እንዲሁ እሳት ይበላል፤ ከ900 እስከ 1,000 ዲግሪ ድረስ መተኮስ አለበት፣ በማገዶ የሚተኮስ ከሆነ ደግሞ ዋጋው ከጫካው ይቆረጣል። ጭቃ እሳት አይፈልግም፤ ነገር ግን የእኛ አገር የጭቃ ቤት ቋሚና ማገር ስለሚፈልግ እርሱም እንጨት ይበላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ይህን ሸክም ከጥድና ከወይራ ላይ አቃልሏል፤ ምስጥን በመቋቋም ግን ጥድንና ወይራን አይተካከልም።

ሁለተኛው፦ ስንት ዓመት ይቆያል፣ በማን ድካም? አንዳንድ ግድግዳ በየዓመቱ ጥቂት ድካም ይጠይቃል፤ ሌላው ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ይቆይና አንድ ቀን ከባድ ወጪ ያመጣል። በማሊ የጄኔ ከተማ ታላቁ መስጂድ አሁን ያለው ሕንፃ እ.ኤ.አ. በ1907 የተሠራ የጭቃ ሕንፃ ነው። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የቆመው የከተማው ሕዝብ በየዓመቱ ተሰብስቦ ስለሚመርገው ነው። ያ ጀማዓ ባይኖር ኖሮ መስጂዱም አይኖርም ነበር። ስለዚህ የጭቃ ግድግዳ ስንመርጥ «በየዓመቱ የሚመርገው ማን ነው?» ብለን መጠየቅ አለብን። በብዙ ቤት ምርጊትና ልቅለቃ የእናቶችና የሴት ልጆች ሥራ ነው። ልጆቹ ሁሉ ከተማና ዐረብ ሀገር ከሄዱ ያን ሥራ ብቻቸውን ለቀሩ አሮጊት መተው ፍትሕ አይደለም።

ሦስተኛው፦ ሙቀትና ብርድን እንዴት ይይዛል? እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጸባዮች አሉ፤ ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ እንደ ሸክላ ምጣድ ነው፦ ቶሎ አይሞቅም፣ ከሞቀ ደግሞ ቶሎ አይበርድም። ወፍራም የጭቃና የድንጋይ ግድግዳ እንዲህ ነው። ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ግድግዳ ላይ ያረፈ የቀን ሙቀት ወደ ውስጥ ለመድረስ ስምንት ሰዓታትና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅ፣ የሚደርሰው ውጭው በበረደበት ሌሊት ነው። ሌላው ጸባይ እንደ ጋቢ ነው፦ በውስጡ አየር ይዞ ሙቀት እንዳያልፍ ይከለክላል። ጭድ የበዛበት ጭቃና ከፑሚስ የተሠራ ቀላል ብሎኬት ይህ ጸባይ በመጠኑ አላቸው። ብረት ምጣድም ጋቢም አይደለም፤ ሙቀት በማስተላለፍ ከአፈር ግድግዳ 50 እጥፍና ከዚያ በላይ ይበልጣል። በቆርቆሮ ግድግዳ ውስጥ የኖረ ሰው ይህን ያለ ቁጥር ያውቀዋል።

አራተኛው፦ አደጋ ሲመጣ ምን ያደርጋል? የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የመጀቴን ከተማ አፍርሷል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል፤ በአፋርና በኦሮሚያ ብዙ ቤተሰቦችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። በጭቃ ብቻ የተያያዘ ድንጋይና ማሰሪያ የሌለው ብሎኬት በእንዲህ ያለ ጊዜ በሰው ላይ ይናዳሉ። የእንጨት ቋሚና ማገር ያለው የጭቃ ቤት እንጨቱ ካልበሰበሰ በተሻለ ይለመጣል። የብሎኬት ቤት ደግሞ ግንበኞች «ታይ ቢም» የሚሉት፣ ግድግዳውን ዙሪያውን የሚያስረው የኮንክሪትና የፌሮ ቀበቶ ያስፈልገዋል። ይህን ቀበቶ ገንዘብ ለመቆጠብ መተው ከቁጠባ አይቆጠርም።

እሳትም አለ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ለንደን ውስጥ በግሬንፌል ሕንፃ የደረሰውን ቃጠሎ ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ወሩ ረመዷን ነበር፤ ለሱሑር ነቅተው የነበሩ ሙስሊሞች ጎረቤቶቻቸውን መቀስቀሳቸው በጊዜው ተዘግቧል። 72 ሰዎች ሞቱ። እሳቱ የተነሣው በአንድ ቤት ማዕድ ቤት ነው። ወደ ላይ እንዲዛመት ዋነኛ ምክንያት የሆነው ግን ሕንፃውን ለማሳመርና ሙቀት ለመቆጠብ በውጭ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው፣ ውስጡ ፕላስቲክ የሆነ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። ዛሬ በከተሞቻችን ፎቆች ላይ የአሉሚኒየም ሽፋን ሲለጠፍ «ውስጡ ምንድን ነው? ይቃጠላል?» ብሎ መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው።

አምስተኛው፦ ሲፈርስ ምን ይሆናል? ጭቃ አፈር ሆኖ ይመለሳል። በጭቃ የተገነባ ድንጋይ ተፈልቅቆ ለሌላ ቤት ይውላል። ብረትና ቆርቆሮ ይቀልጣል፤ የሚገዛውም አይጠፋም። በሲሚንቶ የተያያዘ ብሎኬት ግን ሲፈርስ አብዛኛው ፍርስራሽ ነው፤ ቢበዛ ለመሙያ ይሆናል። ብዙ ዓይነት ነገር ተጣብቆ የተሠራ ሰሌዳ ደግሞ ለመለየትም ያስቸግራል።

ዕቃዎቹን አንድ በአንድ

ጭቃ። ጠላቱ ዕድሜ ሳይሆን ውኃ ነው። በየመን የሺባም ከተማ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የተሠሩ፣ ሰባት ፎቅ ድረስ የሚደርሱ የጭቃ ጡብ ቤቶች አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል። እዚያው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 የደረሰው ጎርፍ ግን የጭቃን ደካማ ጎን አሳይቷል። በእኛም አገር የጭቃ ቤት የሚሞተው ከእግሩና ከራሱ ነው፦ መሠረቱ ድንጋይ ከሌለው እርጥበትና ምስጥ ከታች ይወጣል፤ ታዛው ካጠረ ዝናብ ከላይ ይገርፈዋል። የድንጋይ መሠረት፣ ሰፊ ታዛ፣ አሸንዳና የውኃ መውረጃ ቦይ ያለው የጭቃ ቤት ከልጅ ለልጅ ሊተላለፍ ይችላል።

ድንጋይ። በቅርብ ካለ ድንጋይን የሚያህል ግድግዳ የለም። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው የሐረር ጁገል ውስጥ ያሉት የሐረሪ ቤቶች ከአካባቢው ድንጋይ የተሠሩ፣ ግድግዳቸው ወፍራም፣ በኖራ የሚቀቡ ናቸው። ነጩ ኖራ ፀሐይን ይመልሳል፤ ወፍራሙ ድንጋይ ሙቀትን ያዘገያል። በወሎ የአርጎባዎቹ የሾንኬ መንደርም ተራራው ላይ በዚያው በተራራው ድንጋይ የተሠራ ነው። ድንጋይ ውድ የሚሆነው ከሩቅ ሲጫንና ጠራቢ ሲጠፋ ነው።

ብሎኬት። ቶሎ ይሠራል፣ ጥገናው ጥቂት ነው፣ ምስጥ አይበላውም፣ ፎቅም ያስኬዳል። ለከተማ ጠባብ ቦታ በብዙ መልኩ ትክክለኛ ምርጫ ነው። ነገር ግን ሲሚንቶ በአራት ቦታ ይበላል፦ በራሱ በብሎኬቱ፣ በማያያዣው፣ በልስኑና በኮንክሪት አጥንቱ። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ሙቀት የማያሳልፍ ይመስለናል፤ ሙቀቱ ግን በቀዳዳዎቹ መካከል ባለው ኮንክሪት ያልፋል። ከስምጥ ሸለቆ በሚመጣው ፑሚስ የተሠራ ብሎኬት ከከባዱ ብሎኬት የቀለለና ሙቀትን የተሻለ የሚከላከል ነው። ብሎኬት ሲገዙ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ ከተሠራ በኋላ ለቀናት ውኃ እየጠጣ ካልቆየ ጥንካሬ አያገኝም። ትናንት ተሠርቶ ዛሬ የተጫነ ብሎኬት በእጅ ሲነካ ይፈረፈራል።

የሸክላ ጡብ። ልስንና ቀለም ሳያስፈልገው ለረጅም ዘመን ይቆያል፤ በዝናብም አይጎዳም። ጥያቄው በምን ተተኮሰ የሚለው ነው።

የታመቀ የአፈር ብሎኬት። አፈር ከ5 እስከ 10 በመቶ በሚሆን ሲሚንቶ ተደባልቆ በማሽን ይታመቃል፤ አይተኮስም። ከጭቃ ይልቅ ውኃ ይቋቋማል፣ ከኮንክሪት ብሎኬት ያነሰ ሲሚንቶ ይበላል። አፈሩ ግን ተመርጦ ነው። የሚሰነጠቀው ጥቁር ዋልካ አይሆንም፤ አሸዋ የበዛበትና መጠነኛ ሸክላ ያለው አፈር ይፈልጋል። ቀላል ሙከራ አለ፦ አፈሩን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጦ ማስቀመጥ። አሸዋው ቶሎ ከታች ይዘቅጣል፣ ሸክላው ዘግይቶ ከላይ ይተኛል፤ የትኛው እንደሚበዛ በዓይን ይታያል።

ሰሌዳዎች። በኮንዶሚኒየም ቤቶች ውስጥ ለክፍል መለያ የዋለው አግሮስቶን ከስኳር ፋብሪካ የሚተርፍ የአገዳ ገለባ ይገባበታል፤ ተረፈ ምርትን ለቤት ማዋሉ መልካም ሐሳብ ነው። የእንዲህ ዓይነት ሰሌዳ ቦታው ከውስጥ ነው፤ ሸክም የሚሸከምና ዝናብ የሚመታው ግድግዳ ግን ሌላ ጥንካሬ ይጠይቃል።

መልሱ በየቦታው ይለያያል

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ቤት ለማሞቅም ሆነ ለማቀዝቀዝ ብዙ ኤሌክትሪክ አናጠፋም፤ ያለንም ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውኃ የሚመነጭ ነው። ስለዚህ በደጋ ከተማ ያለ ቤት በምድር ላይ ያለው ሸክም በአብዛኛው በግንባታው ጊዜ የተበላው ሲሚንቶና ብረት ነው። እዚያ ዋናው ቁጠባ ከሚያስፈልገው በላይ አለመሥራት፣ ያለውን አለማፍረስ ነው።

በሪያድና በዱባይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። እዚያ ትልቁ ወጪ ቤቱ ከተሠራ በኋላ ባለው ማቀዝቀዣ ላይ ነው፤ ግድግዳው ሙቀት ባሳለፈ ቁጥር ማሽኑ ሌት ተቀን ይሠራል። እህቶቻችን የሚሠሩባቸውን ትልልቅ መስታወት ያላቸውን ቤቶች አይተው «እንደዚያ ይሠራልን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ግን እነዚያ ቤቶች መብራት ቢጠፋ የሚኖርባቸው የለም። የጅዳ ነዋሪዎች ራሳቸው ማቀዝቀዣ ሳይመጣ በፊት በአል-በለድ ቤታቸውን በባሕር ኮራል ድንጋይ ገንብተው፣ በመስኮቱ ላይ ነፋስ የሚያስገባና ፀሐይ የሚከለክል ሮሻን የሚባል የእንጨት ሥራ ይሠሩ ነበር። ያ ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው።

እንደ ድሬዳዋና ከሚሴ ባለ፣ ቀኑ ሞቃት ሌሊቱ ቀዝቀዝ በሚል ቦታ ምጣድ መሰሉ ወፍራም ግድግዳ ይጠቅማል። ሌሊቱም በማይበርድበት ቆላ ግን ወፍራም ግድግዳ ቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት በተኛው ሰው ላይ ይለቃል፤ እዚያ ቀላልና ነፋስ የሚያሳልፍ ቤት ይሻላል። የአፋር አርብቶ አደር ቤቱን በሰሌን መሸፈኑ ከማጣት ብቻ አይደለም፤ አየሩን ስለሚያውቅ ነው።

ከግድግዳው በፊት ጣሪያውና አቅጣጫው

ስለ ግድግዳ ስንከራከር የምንረሳው ነገር አለ። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከፀሐይ የሚቀበለው ሙቀት አብዛኛው በጣሪያው በኩል ነው። ቆርቆሮው ሥር ኮርኒስ የሌለው ቤት ግድግዳው ምንም ይሁን ምን ምድጃ ነው። ኮርኒስ አድርጎ በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መካከል አየር እንዲንሸራሸር ቀዳዳ መተው፣ ታዛውን ማስረዘም ከግድግዳ ለውጥ ባነሰ ገንዘብ የበለጠ ዕረፍት ያስገኛል።

ቀጥሎ አቅጣጫው ነው። በእኛ አገር ቤትን በጣም የሚያሞቀው ጠዋት ከምሥራቅ፣ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ ዝቅ ብሎ የሚመጣው ፀሐይ ነው፤ ዝቅ ስለሚል ታዛ አይከለክለውም። ስለዚህ ረጃጅሞቹ የቤቱ ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ፣ አጫጭሮቹ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ቢሆኑ ይመረጣል። እዚህ ላይ ለሙስሊም ቤት ደስ የሚል ነገር አለ። መካ ያለችው በኬንትሮስ 39.8 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው፤ ከሚሴ፣ ኮምቦልቻና ደሴ ከዚያ መስመር ብዙም አይርቁም። ቂብላችን ወደ ሰሜን ነው ማለት ነው። ከሐረር ሲሆን ትንሽ ወደ ምዕራብ፣ ከጅማ ሲሆን ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ረጅሙን ግድግዳ ወደ ቂብላ አዙሮ የሠራ ሰው ለሶላቱም ለቅዝቃዜውም የሚመች ቤት ሠርቷል።

ከሚሴ ላይ የሆነው

ወደ ወንድማችን እንመለስ። ከእርሱና ከአንድ የግንባታ ባለሙያ ጋር ሆነን ቤቱን በምስል ተመለከትነው፤ ባለሙያው በኋላ ሄዶ አየው። ግድግዳው የተሰነጠቀው ስላረጀ አልነበረም። በአንድ ጎን ታዛው አጭር በመሆኑ የቆርቆሮው ውኃ ለዓመታት ግድግዳው እግር ሥር ሲወርድ ኖሯል። መሬቱ ረጥቦ ቋሚዎቹ በስብሰዋል፤ ምስጥም የገባው በዚያ ነው። የቀሩት ሦስት ጎኖች ደኅና ነበሩ። ውኃው ሳይስተካከል በዚያው ቦታ ብሎኬት ቢሠራ ኖሮ እርሱም ከእግሩ መርጠቡና ልስኑ መርገፉ አይቀርም ነበር።

ቤተሰቡ ተመካከረ፤ እህታቸውም ከጅዳ በስልክ ገባች። የተበላሸው ጎን ፈርሶ ከድንጋይ መሠረት ጋር እንደገና ተሠራ። ታዛው ረዘመ፣ አሸንዳ ገባ፣ ቦይ ተቆፈረ፣ ኮርኒስ ተመታ። ከጎኑ ደግሞ ለልጆቹ ሁለት ክፍል በብሎኬት፣ ታይ ቢም ያለው፣ ረጅም ጎኑ ወደ ቂብላ የዞረ ቤት ተሠራ። ገንዘቡ በሙሉ አላለቀም። የተረፈውን እህታቸው ስትመለስ ሥራ እንድትጀምርበት አስቀመጡላት። እርሷም «ከቤቱ ይልቅ ይህ አስደሰተኝ፤ አንድ ኮንትራት ቀነሰልኝ» አለች።

ይህን የምንተርከው ጭቃ ከብሎኬት ይሻላል ለማለት አይደለም። ከአራቱ ጎኖች ሦስቱ በስብሰው ቢሆን ምክራችን ሌላ ይሆን ነበር። መመካከሩም ራሱ የሥራው አካል ነው። ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሉክሶር አጠገብ ለገበሬዎች ያማረ የጭቃ ጡብ መንደር ሠርቶ ነበር፤ ብዙዎቹ ግን ወደዚያ ለመዛወር ፈቃደኛ አልሆኑም። ዕቃው ትክክል ሆኖ ሳለ የነዋሪው ፈቃድ ከሌለ ቤቱ ቤት አይሆንም።

ቤት ለመሥራት ወይም ለማደስ ያሰበ ሰው ከግንበኛው ጋር ከመዋዋሉ በፊት እነዚህን ይጠይቅ፦

ያለው ቤት በእርግጥ መፍረስ አለበት? የተበላሸበት ምክንያት ታውቋል?

በአንድ ቀን የጭነት ጉዞ ውስጥ የሚገኝ ምን ዓይነት ድንጋይ፣ አፈር ወይም ብሎኬት አለ?

ውኃ ከጣሪያው ወርዶ የት ይሄዳል?

ኮርኒስ፣ ሰፊ ታዛና ታይ ቢም በሒሳቡ ገብተዋል? ገንዘብ ሲያጥር የሚቀነሰው ከእነዚህ ይልቅ ጌጡ ይሁን።

ከአሥር ዓመት በኋላ የሚጠግነው ማን ነው? በምን ገንዘብ?

ይህ ሁሉ ከአንድ ቀን ውይይት አያልፍም። የብዙ ዓመት ላብ ግን ያድናል። አላህ ቤቶቻችንን የዕረፍትና የበረካ ቤት ያድርግልን፤ በሰው አገር ለቤተሰባቸው የሚደክሙትንም በሰላም ወደ ቤታቸው ይመልስልን። ወላሁ አዕለም።